ወሎ ገጠር ለተመደባችሁ፦ በረካውን ሳትጠጡ አትነሱ

ምደባ ደርሷችሁ፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የቀበሌ ስም ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። መምህር ሁኑ፣ ነርስ ሁኑ፣ የግብርና ባለሙያ ሁኑ፣ ነገሩ አንድ ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ነኝ። ኩታበር ወረዳ ውስጥ፣ መኪና የማይገባበት አንድ መንደር ላይ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ቤቱ ቢቆጠር አርባ አይሞላም። ከላይ ጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከታች ወንዙ አጠገብ መስጊድ፣ መሀል ላይ የእኛ ትምህርት ቤት። ሱቅ እንኳን አንድ ነው፤ እሱም ባለቤቱ እርሻ ከሄደ ዝግ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃ ልንገራችሁና እንለፈው። ደጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከከተማ ብርድ ልብስ ተሸክማችሁ አትምጡ። ገበያ ወጥታችሁ ባና ግዙ። ባና ከበግ ፀጉር ነው የሚሠራው። ይከብዳል፣ የመጀመሪያ ሰሞን አንገት ይኮሰኩሳል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አትለብሱም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ያዙ፤ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለሌላው። የሶላር መብራት የግድ ነው። ለክረምት ቦት ጫማ። ዱላም አይለያችሁ፤ ማታ ማታ ውሾቹ እስኪለምዷችሁ ድረስ ያስፈልጋችኋል። ስልክ የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ ልጆቹን ጠይቁ። የእኛ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። እሷ ላይ ከቆማችሁ ይደወላል፣ ሁለት እርምጃ ከወረዳችሁ ይቋረጣል። ማታ ማታ ሦስት አራት ሰው ተራ ይጠብቅባታል።

ከደሴ ኩታበር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በቦሩ ሜዳ ያልፋል። ሚኒባሱ ሜዳውን ሲያቋርጥ በመስኮት እዩት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሱ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ አሊም ያኔ ነው ሚካኤል የተባሉት፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ይሄን ያነሳሁት ለታሪክ ትምህርት ብዬ አይደለም። የክፍል ስም ዝርዝር ስትጽፉ የልጁ ስምና የአያቱ ስም ከሁለት ሃይማኖት ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ቤት ውስጥ አባት የመስጊድ ሰው፣ አጎት የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ታያላችሁ። እርሳሱን አስቀምጣችሁ "እንዴት ነው ነገሩ?" ብላችሁ ልጁን አታፋጥጡት። ስም አይታችሁም ሃይማኖት አትገምቱ። ሰው ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወሎ ገጠር የሚቀበላችሁ በቡና ነው። ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

አከራዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። የገባሁ ቀን ማታ ጠሩኝ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤት ሞልቷል። አቦሉን ጠጣሁና "አመሰግናለሁ፣ የማዘጋጀው ትምህርት አለብኝ" ብዬ ተነሳሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እማማ ብቻ ስኒዬን ተቀብለው፣ ሳያጥቡት፣ ረከቦቱ ጥግ ላይ ለብቻው ሲያስቀምጡት አየሁ። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ በረካውን ለማን ተውሽው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በረካ ሦስተኛው ስኒ ነው። ቀጭን ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ለጣዕሙ ማንም አይጠጣውም። ግን ምርቃቱ እሱ ላይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱ ካላለቁ ቡናው አላለቀም። ስለዚህ ቡና ስትጠሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜ ከሌላችሁ ከመጀመሪያው "ዛሬ አልችልም፣ ነገ ልምጣ" ማለት ይሻላል። ማንም አይቀየማችሁም።

ቡናው ጨው ሊኖረው ይችላል። ስኳር አትጠይቁ፤ ቤቱ ውስጥ ከሌለ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፣ ሱቁም ዝግ ይሆናል፣ ባለቤቲቱ ታፍራለች። ከመጠጣቱ በፊት በዕድሜ ትልቁ ሰው ይመርቃል። እጃችሁን ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን። "ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ዝናቡን በወቅቱ ያምጣልን፣ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን።" ከአንዱ ጥግ አሜን፣ ከሌላው ጥግ አሚን ይሰማል። እናንተም በለመዳችሁት መልሱ። "የሄዱትን" ሲባል ዝም የሚሉ ሴቶች ታያላችሁ። በእኛ መንደር ልጇ ዓረብ አገር ያልሄደች እናት ጥቂት ናት።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። አግብተሻል? አባትሽ ምንድን ነው የሚሠሩት? እናትሽ አሉ? ደመወዝሽ ስንት ነው? ከተማ ላደገ ሰው ይከብዳል፤ እኔንም ከብዶኝ ነበር። መልሱላቸው። ደመወዙን መናገር ካልፈለጋችሁ "ለቡና ይበቃል" በሉ፣ ይስቃሉ፣ ያልፋል። የቤተሰቡን ግን በደንብ ንገሩ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚጠይቁት አንድ ቀን ብትታመሙ ለማን ሰው እንደሚላክ ለማወቅ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ታይፎይድ ይዞኝ ራሴን ስስት፣ አራት ጎረምሳ በቃሬዛ አድርገው እስከ አስፋልቱ ወሰዱኝ። ከእኔ በፊት ወንድሜ አስፋልቱ ላይ ደርሶ ነበር። ድንጋይዋ ላይ ቆሞ የደወለለት ሰው ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ሥራውን ያውቅ ነበር። ከቡና ላይ ነው የሰማው።

ከደሴ በተመለሳችሁ ቁጥር ባዶ እጃችሁን አትግቡ። ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ሳሙና፣ ወይም ዳቦ ይበቃል። ብር ለመስጠት ግን አትሞክሩ።

ከቡና ቀጥሎ ለቅሶ ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ከወንዙ ማዶ አንድ አባወራ ሞቱ። ገና ጎህ ሳይቀድ ጠሪ ጉብታው ላይ ቆሞ ጮኸ። ሰውየውን አላውቃቸውም። ፈተና የማወጣበት ሰሞን ነበር። ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ አንድም ተማሪ የለም። ርዕሰ መምህሩም የሉም። ብቻዬን ቢሮ ቁጭ ብዬ ፈተናዬን ጻፍኩ፣ ጸጥታው ተመቸኝ ብዬም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ አጠረብኝ። የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ እናት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራው ተጠይቆ ነው የሚያበቃው። ለእኔ ግን "ደህና ነሽ" ብቻ ሆነ፤ እሱም ሳይቆሙ፣ እየሄዱ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምክንያቱ አልገባኝም። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነገሩኝ። "ለቅሶ አልደረስሽም" አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዚያው ቀን እማማን ይዤ ሄድኩ። የሟቹ ባለቤት መሬት ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ቆምኩ። እሳቸው እጄን ያዙና "መጣሽልኝ" አሉ። ቁጭ አልኩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም፣ እጄንም አልለቀቁትም። ስንወጣ እማማ መንገድ ላይ "አብሽሪ" አሉኝ። በማግሥቱ ሰላምታው ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያው ወር የቅሬ ዳኛውን ጠይቃችሁ ቅሬ ግቡ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነበር፤ መቃብሩ ይለያያል እንጂ አስቆፋሪው፣ ውሃ ቀጂው፣ እንጀራ አቅራቢው አንድ ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን አይቀርም። ሰው ሲሞት የጀመራችሁትን ጣሉና ሂዱ። ሴቶች ነጠላችሁን አዘቅዝቁ፣ የሙስሊም ቤት ከሆነ ፀጉራችሁን ሸፈን አድርጉ። "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ" ወይም "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" በሉና ተቀመጡ። በምን እንደሞቱ አትጠይቁ። አትቸኩሉ። ቀብሩ ካመለጣችሁም ዘገየሁ ብላችሁ አትቅሩ። ዘግይቶ የመጣ ይቀበሉታል፤ የቀረ ግን አይረሳም።

ሠርግና በዓል ቀላል ነው፤ ሥጋው ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም በሬ ለብቻ ይሰጣል። እነሱ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ሙስሊምም ሲድር እንዲሁ። ለአንዱ ጠላ፣ ለሌላው ቀሪቦ ይቀርባል። እናንተም ድግስ ብትደግሱ ይሄው ነው ሥርዓቱ። አራተኛው ዓመት ላይ ለመሰናበቻ ሁለት በግ ገዛሁ፤ አንዱን ገና በቁሙ ለሙስሊም ጎረቤቴ ነው ያስረከብኩት። በረመዳን ቀን ላይ ሰው ፊት አትብሉ። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ቤት ወተት ይዛችሁ አትሂዱ።

አስተማሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፈተና በገበያ ቀን አታውጡ። ልጁ በግ ይነዳል ወይም ቤት ይጠብቃል፣ ክፍሉ ግማሹ ባዶ ይሆናል። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ በዓለ ወልድ በ29 ሲሆን ክርስቲያኑ በሬ አይጠምድም። ሙስሊሙ ደግሞ ጁምዓን ያከብራል። የወላጅ ስብሰባ መጥራት ያለባችሁ እንዲህ ባሉ ቀናት ነው፣ ጁምዓ ከሆነ ከሶላት በኋላ። በሥራ ቀን ብትጠሩ የሚመጣላችሁ የለም፤ መብታቸውም ነው።

እዚህ አገር በልግ ትልቅ ነገር ነው። ጥርና የካቲት ላይ ጥቂት ዝናብ ከመጣ ገብሱ ይዘራል፣ ሰኔ ላይ ይታጨዳል። ዝናቡ ከቀረ ሚያዝያ ላይ ምንጩ ይቀጥናል፣ የውሃ ወረፋው ይረዝማል፣ ሰው ዝም ይላል። ያን ሰሞን ደብተር አልገዛህም ብላችሁ ልጅ ከክፍል አታስወጡ። ጥር ላይ ሰው ሁሉ ለእርከን ሥራ ይወጣል። እናንተም አንድ ቀን እንኳን አካፋ ይዛችሁ ውጡ።

ምግብ አታስተርፉ። እማማ ከአውድማ ሲመለሱ መንገድ ላይ የወደቀ ገብስ እያጎነበሱ ይለቅማሉ። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል። አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው ሲያጎነብሱ አይቼ "ይተዉት እማማ፣ እኔ እለቅመዋለሁ" አልኳቸው። "ሰባ ሰባትን አላየሽም" አሉኝ። በ1977 ከወለዷቸው ሁለቱን ቀብረዋል። ከዚያ በፊት የ1966ቱንም አይተዋል። ይሄን የነገሩኝ በሦስተኛው ዓመት ነው፣ እኔ ሳልጠይቅ። እናንተም አትጠይቁ። የቀረበላችሁን ግን ጨርሱ። "በሞቴ" እያሉ ሲጨምሩላችሁ መጥገባችሁን ቶሎ ተናገሩ፣ ሳህኑ ላይ ከመውደቁ በፊት።

ዝውውር ሲመጣላችሁ በድንገት አትሂዱ። ከሳምንት በፊት ንገሩ፤ በየቤቱ ቡና ይፈላላችኋል። ቆሎና በሶ ይቋጠርላችኋል፣ እምቢ አትበሉ። የሻንጣውን ቦታ ባዶ አድርጉለት። ባናውን ይዛችሁ ሂዱ። ጀሪካኖቹን ግን ለአከራያችሁ ተዉላቸው፣ አጥባችሁ፣ ክዳናቸው እንዳይጠፋ በገመድ አስራችሁ።