ካፌይን አልባ ቡና በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ፦ ችግርና መፍትሄ ለወሎ ቤቶች

ኮልድ ብሩ የሚባለው ቡና እሳትም ጀበናም አይፈልግም። ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ቡና በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ይጠለላል፣ ይጠጣል። ካፌይኑ በወጣለት ቡና (ዲካፍ በሚባለው) ሲሠራ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ቡና አምሮት እንቅልፉን ለሚፈራ፣ ሐኪም “ቡና ቀንስ” ላለው ሰውም ይሆናል። ደሴ ላይ በብዛት የምናየው ዲካፍ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። እንደ ጀበና ቡና ከተያዘ ግን ይበላሻል።

ይህ ፍሬ ጥሬ ሳለ ተነክሮ፣ ካፌይኑ ተመጦለት፣ እንደገና ደርቆ የመጣ ነው። ስለዚህ ሲቆላ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሲወቀጥ ቶሎ ይደቅቃል፣ እሽጉ ሲከፈት ቶሎ ይነፍሳል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚመጡ ናቸው።

ቀጥኗል፤ ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም

እንግዳ ቀምሶ “ይኸ ቡና ምነው ዝም አለ?” ካለ መጀመሪያ መጠኑን ይመልከቱ። ለተራ ቡና 100 ግራም በ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ለዲካፍ ውሃውን ወደ 700 ወይም 600 ይቀንሱ። ሚዛን ከሌለ ሁለት ብርጭቆ ሸካራ ዱቄት በአምስት ብርጭቆ ውሃ ማድረግ ነው። ሲጠለል የገባው ውሃ ሁሉ እንደማይወጣ ይወቁ፤ ዱቄቱ የክብደቱን እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል። 700 ሚሊ ሊትር አስገብተው 500 ገደማ ቢያገኙ ምንም አልጎደለም። ጎድሏል ብለው ውሃ ጨምረው ከሞሉበት ግን ያቀጠኑት እርስዎ ነዎት።

መጠኑ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ብርድ ሊሆን ይችላል። በይነመረብ ላይ “12 ሰዓት ይበቃል” የሚል ሁሉ የሚያስበው ሞቅ ያለ ክፍል ነው። ለኮምቦልቻ፣ ለባቲና ለቆቦ ይህ ትክክል ነው። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የወጥ ቤት መደርደሪያ ከማቀዝቀዣ ብዙም አይለይም። እዚያ 18 እስከ 20 ሰዓት ይስጡት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዘፍዝፎ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ማጥለል ማለት ነው። ጊዜውን ለመወሰን ከሰዓት ይልቅ ምላስ ይሻላል፦ ከማጥለልዎ በፊት በማንኪያ ይቅመሱ፤ አሁንም ቀጭን ከሆነ ሁለት ሰዓት ይጨምሩለት።

ሁለቱም ልክ ሆነው አሁንም ጣዕም ከሌለው ቡናው ነፍሶበታል። እሽጉን ከፍተው ያሽትቱ። ሽታው የካርቶን ከሆነ ዘመድዎ ያመጣልዎት ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ ምንም ያህል ቢዘፈዘፍ የጠፋው አይመለስም። ቀሪውን ለወተት ይጠቀሙበት፣ አዲሱን ደግሞ ከአየር ጠብቀው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

ይመራል፣ ከታች ጭቃ ይቀራል

ይህ የሙቀጫው ጉዳይ ነው። በሙቀጫና በዘነዘና የተወቀጠ ቡና ለጀበና የሚመች፣ ደቃቅና ሸካራው የተደባለቀ ነው። ጀበና ውስጥ ደቃቁ ከታች ይረጋል፣ ቡናውም ወዲያው ይቀዳል። ዝፍዝፍ ውስጥ ግን ደቃቁ ሌሊቱን ሙሉ ምሬቱን ይለቃል፣ ሲጠለልም ጨርቁን ይደፍናል። ዲካፍ ፍሬው ስለሚሰባበር ደቃቁ ይበዛበታል።

የሚፈለገው የዱቄት መጠን ቅንጬ ያህል ነው፦ በጣት ሲታሽ ፍርክስክሱ ለየብቻው የሚለይ። የእጅ ወፍጮ ካለ በሸካራው በኩል ያድርጉት። ሙቀጫ ብቻ ካለ እየወገሩ ሳይሆን እየሰበሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይውቀጡና በወንፊት ይንፉት። ከወንፊት በታች የወረደውን ለጀበና ያስቀምጡ፣ ከላይ የቀረውን ይዘፍዝፉ። ተፈጭቶ የታሸገ ዲካፍ ከሆነ ማሸካከር አይቻልም፤ ሰዓቱን ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ያውርዱ፣ ሁለት ጊዜም ያጥልሉ፦ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በሻሽ።

ሲያጥልሉ ሻሹን አይጭመቁ። እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ፤ ከከረጢቱ እየተንጠባጠበ የሚቀረው ሲታይ አንጀት ይበላል። ነገር ግን በጭመቃ የሚወጣው የመጨረሻ ጠብታ ጭቃና ምሬት ነው። አንጠልጥለውት ሌላ ሥራ ይሥሩ።

ጭቃ ሳይኖር ብቻውን የሚመር ከሆነ አቆላሉ ነው። ጥሬ ዲካፍ ያገኘ ሰው ምጣድ ላይ ሲያደርገው ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ በቀለም መፍረድ አይቻልም። ይንጣጣል፣ ድምፁ ግን ደከም ያለ ነው። እንደለመዱት ዘይቱ ፊቱ ላይ እስኪያብለጨልጭ ከጠበቁ አርሯል። መንጣጣቱ እንዳበቃ ትንሽ ቆይተው ያውርዱት።

አንድ ነገር ይሸታል

በቀዝቃዛ ውሃ ለሃያ ሰዓት የሚቀመጥ ነገር ከአጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይሰበስባል። ሳሙና ሳሙና ካለ ሻሹ ነው፤ በመዓዛማ ዱቄት ሳሙና የታጠበ ጨርቅ ለዚህ አይሆንም፣ በፈላ ውሃ ብቻ ቀቅለው ለቡና ይለዩት። በወይራ የታጠነ ቅል ወይም እንስራ ጭሱን ይሰጠዋል። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ፈጽሞ አይታሰብ። የብርጭቆ ዕቃ፣ ክዳን ያለው የማር ብልቃጥም ቢሆን፣ ከሁሉ ይሻላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቅቤና የተከተፈ ሽንኩርት ካለ ክዳኑን ያጥብቁ።

በረኪና የሚሸት ከሆነ ውሃው ነው። እዚህ ላይ ከጣዕም የሚበልጥ ነገር አለ፦ የጀበና ውሃ ይፈላል፣ የዝፍዝፍ ውሃ ግን አይፈላም። ስለዚህ የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ አስቀድሞ ፈልቶ መቀዝቀዝ አለበት። ደጋ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ ይመከራል። የክሎሪኑም ሽታ አብሮ ይለቃል።

ኮምጥጧል ወይም ፊቱ ላይ ነገር ጥሏል

መብራት ጠፍቷል። የተጠለለ ቡና በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ በውሃ ወይም በወተት ከተበረዘ ያነሰ። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋና ቡናው ከሞቀ በዚያው ቀን ይጠጡት፤ ወተት የገባበት ከሆነ ግን ይድፉት። ከኮመጠጠ፣ አረፋ ካወጣ ወይም ከሻገተ ይድፉት፤ ማፍላት አያድነውም። አተላውን ሳያወጡ ማስቀመጥም ያበላሸዋል።

ዲካፍ ነው ተብሎ ጠጥቼ እንቅልፍ አጣሁ

መጀመሪያ የሚጣራው ቡናው በእርግጥ ዲካፍ መሆኑ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ በራሱ ካፌይን ያስቀራል የሚል ወሬ አለ፤ ስህተት ነው። ካፌይን በቀዝቃዛ ውሃም ይሟሟል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀመጥ ደግሞ አብዛኛው ይወጣል። አክርሮ መቁላትም አያጠፋውም። የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት የተወሰነውን ያስወግዳል፣ ከጣዕሙ ጋር። በረካ ከአቦል የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጉልበቱን አቦል ወስዶታል።

ካፌይን የሚወጣው ፋብሪካ ውስጥ፣ ፍሬው ጥሬ ሳለ ብቻ ነው። ለገበያ ያበቃው ጀርመናዊው ሉድቪግ ሮዜሊዩስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1906 በብሬመን ካፌ ሐግ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ይጠቀምበት የነበረው ቤንዚን (benzene፣ የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉ) ጎጂ ሆኖ በመገኘቱ ቀርቷል፤ ዛሬ በውሃ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በሌሎች ማሟሟያዎች ይሠራል። በተፈጥሮ ካፌይኑ እጅግ ያነሰ ቡና መኖሩም እውነት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ዘራቸው ከኢትዮጵያ የሄደ እንዲህ ያሉ ዛፎች ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ነገር ግን ገበያ ላይ ነጋዴ በጆንያ “ይኸ ካፌይን የሌለው ነው” ቢልዎ ፈገግ ብለው ይለፉ።

እሽጉ እውነተኛ ዲካፍ ከሆነ ሒሳቡ ይህ ነው። በአውሮፓ የተለመደው ልክ በተቆላ ዲካፍ ውስጥ ከ0.1 በመቶ ያልበለጠ ካፌይን ነው፤ ማለትም በ100 ግራም ውስጥ ቢበዛ 100 ሚሊ ግራም። ያ ደግሞ የአንድ ትልቅ ኩባያ ተራ ቡና ያህል ነው። ብልቃጡን ሙሉ ብቻዎን በአንድ ምሽት ካልጨረሱ እንቅልፍ የሚነሳ መጠን አይደለም። ካፌይን ጨርሶ የከለከለዎት ሐኪም ከሆነ ግን ዲካፍም ዜሮ አለመሆኑን ነግረውት ይጠይቁት።

ስኳሩ አልሟሟም፣ ጤና አዳሙ በዛበት

ስኳርን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙተው፣ አቀዝቅዘው ይጨምሩ፤ ማርም እንዲሁ። ጤና አዳም ከቡናው ጋር አብሮ ማደር የለበትም፤ ስኒ ውስጥ ለአፍታ ነክሮ ማውጣት ይበቃል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጭራሹኑ ይተዉት።