በማኅበረሰብ አቀፍ የፍየል እርባታ ለውጥ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

በማኅበረሰብ አቀፍ የፍየል ዝርያ ማሻሻያ፣ አነስተኛ መንጋ ያላቸው አርቢዎች ፍየሎቻቸውን በአንድነት ይመዘግባሉ፣ ምርጥ ወጠጤዎችን በጋራ ይመርጣሉ፣ የተመረጡትንም በየተራ ይጠቀማሉ። ሥራው ሲደናቀፍ ቀድሞ የሚሰማው ሐሳብ «ዝርያው ደካማ ስለሆነ ከሌላ አካባቢ ትልቅ አውራ ይምጣ» የሚል ነው። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን አሠራሩን መፈተሽ ይገባል፤ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ምልክት፦ መዝገቡ ለዓመታት ቢያዝም የግልገሎቹ ክብደት አልጨመረም

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ገበያ ነው። ፈጥኖ ያደገ ወጠጤ ፈጥኖ ገዢ ስለሚያገኝ፣ ምርጫው ዓመት ሲሞላቸው የሚካሄድ ከሆነ መራጮቹ የሚያገኙት ከገበያ የተረፈውን ብቻ ነው፤ ቀጣዩን ትውልድ የሚያስወልዱትም ዝግተኞቹ ይሆናሉ። ይህን ለማረጋገጥ፣ ባለፈው ዓመት በሦስት ወራቸው ከፊት የነበሩትን ወጠጤዎች ከመዝገቡ አውጥቶ ዛሬ የት እንዳሉ መጠየቅ በቂ ነው። መፍትሄው የመጀመሪያውን ልየታ ጡት ሲጥሉ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለሽያጭ ከመድረሳቸው በፊት በስድስት ወር ገደማ ማድረግ፣ እንዲሁም ማኅበሩ የተመረጠውን ወጠጤ ከባለቤቱ በገበያ ዋጋ የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ማቋቋም ነው። «አትሽጥ» ብሎ በቃል መለመን እምብዛም አይሠራም፤ የቤት ወጪ ያለበት ሰው የማኅበሩን ስብሰባ አይጠብቅም።

ገበያው ካልሆነ፣ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያልተመረጠው ወንድ ነው። ወጠጤ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜው ማስረገዝ ሊጀምር ስለሚችል፣ በጋራ ግጦሽ ላይ ያልተኮላሸ ወንድ ካለ የተመረጠው አውራ ድርሻ ሳይታወቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ያልተመረጡት ከምርጫው በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ይኮላሹ ወይም ከሴቶቹ ይለዩ።

ምልክት፦ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚወጡት ግልገሎች እያደር ተራ ሆነው ይቀራሉ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጥሬ ክብደትን ማወዳደር ነው። ሁለቱም ሲወለዱ 2 ኪሎ የነበሩ ግልገሎች አሉ እንበል፤ አንዱ በ100 ቀኑ 11 ኪሎ፣ ሌላው በ80 ቀኑ 9.6 ኪሎ መዘነ። የትውልድ ክብደቱን ቀንሶ፣ የቀረውን ለዕድሜው ቀናት አካፍሎ፣ በ90 አባዝቶ፣ የትውልድ ክብደቱን መልሶ ሲደምሩት የመጀመሪያው 10.1፣ ሁለተኛው 10.55 ኪሎ ይሆናል። በሚዛን የቀለለው ነው የሚበልጠው። በተጨማሪም መንታ ከመንታ፣ የመጀመሪያ ወላድ ልጅ ከመሰሉ ጋር ይወዳደር፤ አለበለዚያ ማኅበሩ ሳያውቀው ነጠላ ወላጆችን እየመረጠ መንታነትን ያዳክማል። የአንድ ዓመት ግልገሎች የማንም አውራ ልጆች ቢሆኑ በአንድ ላይ ከቀነሱ ግን ጥፋቱን በመኖ እጥረትና በውስጥ ጥገኛ ትሎች ዘንድ መፈለግ ይሻላል።

ምልክት፦ ደካማ ግልገሎችና የአፈጣጠር ጉድለቶች በዝተዋል

እዚህ ላይ የቅርብ ዘመዶች መራባት ይጠረጠራል። ፍየል የምታረግዘው ለ150 ቀናት ያህል ሲሆን ሴት ግልገልም በስድስትና በሰባት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ስለዚህ አንድ አውራ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ገደማ የገዛ ልጆቹ ለስሪያ ይደርሱለታል። ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ቡድን መዛወር አለበት።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ቁጥሩን ነው። ለአንድ አውራ 25 ሴቶች መመደብ ለእርግዝና ጥሩ ምጣኔ ነው፤ ከዝምድና አንጻር ግን ዋስትና አይሆንም። 4 አውራዎችና 100 ሴቶች ብቻ ያሉት የተዘጋ መንጋ፣ አባቶቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ በዘር ስሌት ከ15 እንስሳት ብዙ አይበልጥም፣ የዝምድናው መጠንም በየትውልዱ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያው ምጣኔ 13 አውራዎችና 325 ሴቶች ሲኖሩ ግን ጭማሪው ወደ 1 በመቶ ይወርዳል፤ ለአስተማማኝነት የሚመከረው ጣሪያም ይኸው ነው። ትንሽ መንደር ብቻውን ይህን አይደርስም፤ ከጎረቤት ቡድኖች ጋር አውራ መለዋወጥ ግዴታው ነው።

ጉድለቱ የፆታ መደባለቅ ከሆነና ወላጆቹ ሁለቱም ያለ ቀንድ የተወለዱ ከሆኑ፣ ምክንያቱ በአንዳንድ ዝርያዎች ከቀንድ አልባነት ጋር አብሮ የሚተላለፍ የዘር እክል ሊሆን ይችላል። ቀንድ አልባዋን ከቀንዳም አውራ ጋር ማገናኘት ይበቃል።

ምልክት፦ ሴቶቹ አይጸንሱም፣ ወይም ይጨነግፋሉ

ከስሪያ በኋላ በ21 ቀን ገደማ ድራት (አውራ የመፈለግ ስሜት) ከተመለሰ፣ ችግሩ በአንድ ቤት ብቻ ነው ወይስ ያ አውራ በደረሰባቸው ቤቶች ሁሉ? በሁሉም ከሆነ የአውራው የዘር ፍሬ እኩልነት፣ እብጠት፣ ሰኮናውና የሰውነቱ ሁኔታ ይመርመር። ትኩሳት ወይም ረሃብ የጎዳው አውራ ከተሻለው በኋላም የዘር ፈሳሹ እስኪታደስ ሁለት ወር ያህል ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ወዲያው ወደ ሥራ አይመለስ። አውራውን የመመገብ ተራ በጽሑፍ ያልተወሰነባቸው ቡድኖች ይህን ችግር ደጋግመው ያያሉ።

በእርግዝና መጨረሻ ላይ በተከታታይ መጨንገፍ ካለ ጉዳዩ የማኅበሩ ብቻ አይደለም። እንዲህ የሚያስጨነግፈው ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ የወጣውን ፅንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካትና ወተቱን ሳያፈሉ መጠጣት ፈጽሞ አይገባም። የእንስሳት ሐኪም የደም ምርመራ አድርጎ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ማንኛውም አውራ ከቡድን ወደ ቡድን አይዘዋወር።