«መከላከል» የተባለው ሥራ የትኛው መደብ ነው? በዝሆኔ እንየው

የቀበሌ ጤና ዕቅድ ላይ «ግንዛቤ መፍጠር» የምትል መስመር አትጠፋም። ለማን እንደሆነ ግን አይጻፍም። የመከላከልን ሥራ የምንመድበው ደግሞ በሚሰጠው ነገር ሳይሆን በሚቀበለው ሰው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1983 በዚህ መንገድ ሦስት መደብ አወጣ። በኋላ የአእምሮ ጤናና የሱስ ባለሙያዎችም ተጠቀሙበት።

እዚህ ጎጃም ደጋው ላይ ቅርባችን ያለው ምሳሌ ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ ነው።

1. መጀመሪያ ችግሩን በአንድ መስመር ጻፉት። «የእግር በሽታ» አይበቃም። «በባዶ እግሩ ቀይ አፈር እየረገጠ የኖረ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል» በሉ። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

2. ማን እንደሚቀበል ጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ልጅ በሙሉ ጫማ ያድርግ ከተባለ፣ ማንም አልተመረጠም። ይህ ለሁሉም የሚሰጥ ነው።

3. እናቱ ወይም አባቱ ዝሆኔ ያለባቸው ልጅ ብቻ ከተመረጠ፣ ለተጋላጮች የሚሰጥ ነው። በሽታው በዘር የመጋለጥ ነገር አለበት። የልጁ እግር ግን ገና ደህና ነው፤ ብዙ ሰው ተጋላጩን ከታመመው ጋር ቀላቅሎ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

4. ምልክት የጀመረውን ለብቻው አድርጉት፤ ሦስተኛው መደብ ይህ ነው። እግሩ ያሳክከዋል፣ ማታ ያቃጥለዋል፣ ቀን ያበጠው ሌሊት ይጎድላል። እሱ ማታ ማታ ሳፋ ውስጥ እግሩን በሳሙና ይጠብ፣ የጣቶቹን መሃል ሳይቀር ያድርቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ካልሲና ጫማ ያድርግ። እብጠቱ ከጸና በኋላ ያለው ሕክምና ነው እንጂ ከሦስቱ መደብ አይገባም።

አረቄም በዚሁ ይለካል። ለክፍሉ ሁሉ የሚሰጥ ትምህርት አንድ ነው። ቤታቸው አረቄ ለሚወጣባቸው ልጆች የሚደረግ ድጋፍ ሌላ። ሰኞ ሰኞ መቅረት ለጀመረውና አፉ አረቄ አረቄ ለሚለው ልጅ ደግሞ ለብቻው ምክር።

5. ሁለተኛውን መደብ፣ ለተጋላጮች የሚሰጠውን፣ በዝግታ ሥሩት። አንድ ትምህርት ቤት ጠዋት ሰልፍ ላይ «የወላጆቻችሁ እግር ያበጠ ውጡ፣ ጫማ አለ» ሲባል አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ወጡ። ሌላው መሬት መሬት አየ። ካርቶኑ እንደሞላ ቢሮ ተመለሰ።