በታዳጊ አገሮች አስተዳደርና ፖለቲካዊ አለመረጋጋት ላይ ሴሚናር እንዴት ይዘጋጃል?

የዚህ ዘርፍ ሴሚናር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ርዕሱ ሲመረጥ ነው። «መልካም አስተዳደርና መረጋጋት» በሚል ርዕስ የተጠራ ስብሰባ ሙስና ይጥፋ፣ ተቋማት ይጠናከሩ ሲባልበት ውሎ ይበተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ይለውጡት። ጥያቄው አገርና ዘመን ይኑረው፤ ሰዎች ማስረጃ ይዘው ሊከራከሩበትም የሚችል ይሁን። ለምሳሌ (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፦ ከ1992 ጀምሮ ለ20 ዓመት የዴሞክራሲ አርአያ ስትባል የኖረችው ማሊ ማርች 2012 ላይ ለምን በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀች? ጋናስ ለምን ጸናች?

ጋና የገባችው ለጌጥ አይደለም። የወደቁ አገሮችን ብቻ ካጠኑ ያገኙት ነገር ሁሉ የውድቀት ምክንያት ይመስላል። ድህነትም፣ የቅኝ ግዛት ውርስም፣ የብሔረሰቦች ብዛትም በጋና አለ። እንዲያውም ጋና በ1966፣ በ1972፣ በ1979 እና በ1981 ወታደሮች ሥልጣን የነጠቁባት አገር ናት። ከ1992ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን ሥልጣን በ2001፣ በ2009፣ በ2017 እና በ2025 ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው በምርጫ ተላልፏል። ያልወደቀ አገር በጎን ካላስቀመጡ ንጽጽር የለም፤ ያለ ንጽጽር ደግሞ ምክንያትን ከአጋጣሚ መለየት ከባድ ነው።

ቀጥሎ ንባቡን ይምረጡ። 3 ጽሑፍ ይበቃል፤ ተደምሮ ከ60 ገጽ አይለፍ፤ ስብሰባው 10 ቀን ሲቀረው ለተሳታፊዎቹ ይድረሳቸው። አንዱ ንድፈ ሐሳብ፣ አንዱ ስለ አገሩ የተጻፈ ጥናት፣ አንዱ የመረጃ ሰንጠረዥ ይሁን። ስለ አገሩ የሚነበበውን ጥናት ቢቻል የአገሩ ምሁር የጻፈው ይሁን። ተሳታፊው ሁሉ ስብሰባው 2 ቀን ሲቀረው የግማሽ ገጽ ጥያቄ ይላክ፤ ማን እንዳነበበ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሰንጠረዡ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ትልቁ ስሕተት እዚያ ነው የሚሠራው። የዓለም ባንክ ከ1996 ጀምሮ የሚያወጣቸው የአስተዳደር አመልካቾች 6 ናቸው፦ ድምፅና ተጠያቂነት፣ ፖለቲካዊ መረጋጋትና ከሁከት ነፃ መሆን፣ የመንግሥት ውጤታማነት፣ የቁጥጥር ጥራት፣ የሕግ የበላይነት፣ ሙስናን መቆጣጠር። ሁለተኛውን ልብ ይበሉ። መረጋጋት ራሱ ከአስተዳደር መለኪያዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የስድስቱን አማካይ ወስዶ «አስተዳደሯ ደካማ ስለሆነ አልተረጋጋችም» ያለ አቅራቢ አለመረጋጋትን በራሱ በአለመረጋጋት እያስረዳ ነው። መፍትሔው ያንን አመልካች ከምክንያቱ ወገን አውጥቶ በውጤቱ ወገን ማስቀመጥ ነው። ሌላው ደግሞ አመልካቾቹ በአብዛኛው በባለሙያዎችና በዳሰሳ ጥናት ምላሽ ሰጪዎች ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የስሕተት ህዳግ አለው። በሁለት አገሮች መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ምንም ላይሆን ስለሚችል ደረጃ ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አያቅርቡ።

የተሳታፊው ቁጥር ከ12 እስከ 18 ቢሆን ጥሩ ነው። አወያይ፣ ጥናት አቅራቢ፣ ተቺና ቃለ ጉባኤ ያዥ አራት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሴሚናሩ 2 ሰዓት ይሁን፤ ጊዜውን እንዲህ ይከፋፍሉት፦ ለመክፈቻ 5 ደቂቃ፣ ለአቅራቢው 20፣ ለተቺው 10፣ ለውይይት 70፣ ለማጠቃለያ 15። አቅራቢው 35 ደቂቃ ከወሰደ የሚጎዳው ውይይቱ ነውና 15 ደቂቃ ሲሞላ አወያዩ በወረቀት ያሳየው።

አወያዩ ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ በእጁ ይያዝ፦ ለምን ያን ጊዜ? አንድ ሰው «ማሊን የጣላት ሙስና ነው» ቢል «ሙስናው ከ5 ዓመት በፊትስ አልነበረም? መንግሥቱ ያኔ ለምን አልወደቀም?» ብሎ ይመልስለት። ያኔ ሰው ወደ ዝርዝሩ ለመግባት ይገደዳል። በ2011 የሊቢያ መንግሥት መውደቁ፣ ከዚያ ታጥቀው የተመለሱ ተዋጊዎች፣ ጃንዋሪ 2012 በሰሜን የተነሳው የቱዋሬግ (የሰሃራ በረሃ ሕዝብ) ዐመፅ፣ በቂ መሣሪያ አልተሰጠንም ያሉት ወታደሮች በካቲ የጦር ሰፈር ማመፃቸው ይነሳል። ምርጫው 5 ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ፕሬዚዳንቱም እንደገና ሳይወዳደሩ መፈንቅለ መንግሥት መደረጉ ራሱ አንድ ሙሉ ክርክር ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን ሥር የሰደደውን ምክንያት፣ በሌላው ቅርብ ቀስቃሹን ይጻፉ። ሁለቱ ሲደባለቁ ውይይቱ ይሟሟል።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ነገር። ስለ አገሩ የሚናገር ሰው ሲመለስ ሊጠየቅበት ይችላል። በ1927 የወጣው የቻተም ሐውስ (የለንደን የጥናት ተቋም) ደንብ ለዚህ ይጠቅማል፤ የተባለውን መጠቀም ይቻላል፣ ማን እንዳለው ወይም ከየት ተቋም እንደመጣ መግለጽ ግን አይቻልም። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ደንቡ በግልጽ ይነገር፤ ድምፅ አይቀዳ፣ ቃለ ጉባኤውም ስም አይያዝ። የውይይቱ አገር ተወላጅ የሆነውንም ተሳታፊ «አንተ ንገረን» እያሉ የሕዝቡ ሁሉ ቃል አቀባይ አያድርጉት።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ 2 ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁ። የቀረበው መከራከሪያ፣ የደገፈው ማስረጃ፣ እንዲሁም ምን ቢገኝ መከራከሪያው እንደሚፈርስ ይጻፍበት። ለሁሉም ከመላኩ በፊት አቅራቢውና ተቺው አይተው ያርሙት።