ካሴቱን እፍ አትበሉት

አዳማ ያላችሁ የድሮ ጌም ሰብሳቢዎች፣ ካሴት አልነሳ ሲላችሁ እፍ ብላችሁ መልሳችሁ አትሰኩ። ልጅ ሆነን ሁላችንም አድርገነዋል፤ ግን የትንፋሻችን እርጥበት ከስር ያሉትን የብረት ጥርሶች ቀስ እያለ ይበላቸዋል። ያኔም ይሠራልን የነበረው በእፍታው ሳይሆን ነቅለን እንደገና ስለምንሰካው ነው።

የኛ ከተማ አቧራ ደግሞ የሚታወቅ ነው፣ በተለይ ነፋሱ ሲነሳ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ስለዚህ የጆሮ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ቢቻል 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነው፣ ትንሽ ነከር አድርጉና ጥርሶቹን ረጋ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እኔ በቅርቡ የገዛሁት አንድ ካሴት አራተኛው ጥጥ ላይ ነው ንጹህ የሆነው፣ ከዚያ ወዲያው ተነሳ፣ ደስታዬን አልነግራችሁም! በደንብ ሳይደርቅ ግን እንዳትሰኩት። ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ ጄሉ ላዩ ላይ ይቀራል።

ደግሞ በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ፋሚኮም የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ከነአዳፕተሩ ያገኘ ሰው ካለ፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳይሰካው። የእነሱ መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። መጀመሪያ ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ፈልጉለት።