በደሴት ላይ ያለ ታሪካዊ ሕንፃ ሲጠገን ጎጆ የሠሩ ወፎችን እንዴት መጠበቅ ይቻላል

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የሚገኘው የአልካትራዝ ደሴት በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1963 በነበረው የፌዴራል ወህኒ ቤቱ ነው። ስሙ ግን የመጣው ከወፎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1775 ወደ ባሕረ ሰላጤው የገቡ እስፓኛውያን መርከበኞች ከተጠቀሙበት፣ የባሕር ወፎችን ከሚያመለክት ቃል የተወረሰ ነው። ወህኒ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ወፎቹ ደሴቱን መልሰው ያዙት። ጋል የሚባሉት ነጭና ግራጫ የባሕር ወፎች በቀድሞው የሰልፍ ሜዳ፣ ኮርሞራንት የሚባሉት ዓሣ አጥማጅ የባሕር ወፎች በምዕራብ በኩል ባለው ገደል፣ የሌሊት ሳቢሳዎች ደግሞ በቁጥቋጦው ውስጥ ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የፈረሱት የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ፍርስራሽ እንኳ የጎጆ ቦታ ሆኗል።

በዚያው ደሴት ላይ ያሉት ሕንፃዎች በጨው እየተበሉ ነው። የባሕሩ ጨው ወደ አርማታው ዘልቆ ፌሮውን ያዝገዋል፤ የዛገ ፌሮ ስለሚያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥገናው የግድ ነው። ነገር ግን ቅርሱን ለማዳን የተጀመረ ሥራ በአንድ ቀን ጠዋት የአንድን ዓመት ጫጩቶች በሙሉ ሊያስጨርስ ይችላል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚያስችለው ሥራ የሚጀምረው መሐንዲሱ የጊዜ ሠሌዳ ከማውጣቱ በፊት ነው።

አንደኛ፦ ሕንፃውንና ወፎቹን በአንድ ካርታ ላይ አስፍሩ

ጥገናው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ የመራቢያ ወቅት ቀደም ብሎ የወፍ ባለሙያው እና የቅርስ ጥገና ባለሙያው አብረው በሕንፃው ዙሪያ ሊዘዋወሩ ይገባል። አንዱ ስንጥቁን፣ የላላውን ድንጋይና የሚያፈሰውን ጣሪያ ሲመዘግብ ሌላው በዚያው ሥዕል ላይ የትኛው ወፍ በየትኛው ጠርዝ፣ ቀዳዳ ወይም ጣሪያ ላይ እንደሚያርፍ ያሰፍራል። ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች ተጽፈው በሁለት ቢሮዎች ከተቀመጡ ግጭቱ የሚታወቀው ሠራተኛው መሰላል ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በቀን የማይታዩ ወፎች ስላሉ ምርመራው በሌሊትም መደረግ አለበት።

ሁለተኛ፦ የሥራውን ቀን ከእንቁላሉ ተነሥታችሁ ቁጠሩ

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። የአልካትራዝን ጋል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ወፏ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ውስጥ እስከ ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ ለአራት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቱ ለመብረር ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያ እንቁላሏ የጠፋባት ወፍ ዳግመኛ ስለምትጥል ወቅቱ እስከ ነሐሴ ይዘልቃል። ከፊት ደግሞ ወፎቹ ቦታ የሚመርጡባቸው ሳምንታት ይጨመራሉ፤ ምክንያቱም ቦታ በመያዝ ላይ ያለ ወፍ በቀላሉ ስፍራውን ጥሎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በአልካትራዝ የሰልፍ ሜዳውና ሌሎች የጎጆ ስፍራዎች ከየካቲት ገደማ እስከ መስከረም ለጎብኚ ይዘጋሉ። እዚህ የተጠቀሱትም ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን የወር አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ታዲያ ከጎጆዎቹ አጠገብ ለሚደረግ ከባድ ሥራ የሚተርፉት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በሳን ፍራንሲስኮ ዝናብ የሚበዛባቸው ናቸው። ተቋራጩ ይህን አስቀድሞ አውቆ ለሸራ፣ ለማድረቂያና ለሚባክኑ ቀናት በውሉ ውስጥ ገንዘብ ካልያዘ ሥራው ይንጓተታል፤ የተጓተተ ሥራ ደግሞ ወደ የካቲት ተንሸራትቶ በወፎቹ ላይ ይደርሳል። በእኔ አስተያየት በኅዳር ወር ግማሹ ያልተጠናቀቀን ሥራ በጥር ለመጨረስ ከመሯሯጥ ሕንፃውን ደግፎና ሸፍኖ ለሚቀጥለው ወቅት ማሳደር ይሻላል።

አንዱን የቀን መቁጠሪያ ለሌላ ደሴት መገልበጥ አይገባም። የጣና ሐይቅ ገዳማትን ለማደስ የሚነሣ ሰው የሚያገኘው የዝናብም የወፍም ወቅት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እዚያ መነሻው የአካባቢው ምልከታና በደሴቶቹ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት አባቶች የሚያውቁት መሆን አለበት።

ሦስተኛ፦ ሥራዎቹን በሚያሰሙት ድምፅና ለወፎቹ በመታየታቸው ለዩ

በጎጆ ወቅት ሁሉም ሥራ ይቆማል ማለት አይደለም። ሰው የሚያስበው ስለ ድምፅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከወፎቹ በላይ በጣሪያ ላይ ብቅ የሚል አንድ ሰው ከግድግዳ ጀርባ ከሚሠራ ማሽን ይልቅ ሊያስደነግጣቸው ይችላል። የውስጥ ልስን፣ የበርና የመስኮት ጥገና፣ መለካትና ፎቶግራፍ ማንሣት ከወፎቹ ዕይታ ውጭ ከሆኑ ሊቀጥሉ ይችላሉ። አርማታ መስበር፣ አሸዋ እየረጩ ማጽዳትና ስካፎልዲንግ (ሠራተኞች የሚቆሙበትን መወጣጫ) መትከል ግን ለክፍቱ ወቅት ይቀመጡ።

ወፎቹ ሲደነግጡ የሚሆነውን እያንዳንዱ ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። ኮርሞራንቶች ከጎጇቸው ከተነሡ አጠገባቸው ያሉት ጋሎች እንቁላሉን ወዲያው ይነጥቃሉ። የጋል ጫጩት ደንግጦ ወደ ጎረቤት ክልል ከሮጠ በጎልማሶቹ ተነክሶ ይሞታል። ሰውየው ወፏን ሳይነካ፣ ድንጋይም ሳይወረውር፣ በማለፉ ብቻ ገድሏል።

በሥራው መንገድ ላይ ጎጆ እንዳይሠራ መከላከል ካስፈለገ መከላከያው የሚደረገው ወፉ ቦታ ከመያዙ በፊት ነው። መረብ ከተዘረጋ በደንብ የተወጠረ ይሁን፤ የላላ መረብ ወፍ ያጠምዳል። እንቁላል ከተጣለ በኋላ ግን ነገሩ አብቅቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ከቦታ ወደ ቦታ የሚፈልሱ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ስላለ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ያለ ፈቃድ ማንሣት ወንጀል ነው።

አራተኛ፦ በጀልባ የሚመጣውን ሁሉ ፈትሹ

ብዙ የባሕር ወፎች በደሴት የሚራቡት እንቁላል የሚበላ አውሬ ስለሌለበት ነው። በሲሚንቶ ከረጢቶች፣ በእንጨት ክምር ወይም በሠራተኞች ስንቅ መካከል ተደብቃ የምትገባ አንዲት እርጉዝ አይጥ ከጥገናው ሁሉ የከፋ ጉዳት ታደርሳለች። ዕቃው ከወደቡ ከመነሣቱ በፊት ይፈተሽ፣ በታሸገ ሣጥን ይጓጓዝ፣ የምግብ ትራፊ በየቀኑ ከደሴቱ ይውጣ። ትራፊው ቁራና ጋል ስለሚስብም ለሌሎቹ ጎጆዎች ጠንቅ ነው።

አምስተኛ፦ ሁለቱ ወቅቶች ከተጋጩ ሥራውን አሳንሱ

በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከኬሪ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ስኬሊግ ማይክል የሚባል የድንጋይ ደሴት አለ። መነኮሳት ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የካቧቸው፣ የንብ ቀፎ የሚመስሉ ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በክረምታቸው ማዕበሉ ጀልባ ስለማያስጠጋ ጥገና የሚቻለው በበጋ ነው፤ ወፎቹም የሚራቡት በዚያው በበጋ ነው። ይባስ ብሎ ስቶርም ፔትረል የምትባለው ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በካቡ ድንጋዮች መካከል ነው። አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ 40 ቀን ያህል ታቀፋለች፤ ወደ ጎጆዋ የምትገባውም የምትወጣውም በሌሊት ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ዋናው ዘዴ የሥራውን ስፋት መቀነስ ነው። አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ከኋላው ያለው ቀዳዳ ይፈተሻል፤ ወፍ ከተገኘበት ያ ክፍል ተትቶ ሥራው ወደ ሌላ ይዞራል። የሌሊት መብራት ይጠፋል፤ በሌሊት የሚበሩ ወፎችን ብርሃን መንገድ ያስታቸዋል። ድንጋዩም በነበረበት ይመለሳል፤ ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን የካቡን ጥበብ ያበላሻል፣ ወፏንም ቤት ያሳጣታል። እዚህ ላይ የቅርሱና የወፏ ጥቅም አንድ ነው።

ስድስተኛ፦ ሥራን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው ይኑር

ወፎቹን የሚከታተለው ባለሙያ ምክር ሰጪ ብቻ ከሆነ ፎርማኑ ጊዜ ሲያጥርበት አይሰማውም። ስለዚህ ሥልጣኑ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ በመቆሙ ምክንያት የሚጠፋው ቀንም ለተቋራጩ እንደሚታሰብለት አብሮ ይጻፍ። ተከታታዩ ወፎቹ እስኪበሩ መጠበቅ የለበትም። የታቀፈች ወፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሥራው መመልከት ከጀመረች፣ ወይም ብዙዎቹ በአንድነት መጮኽ ከጀመሩ፣ ሰዎቹ በቀስታ ወደ ኋላ ይመለሱ። የደኅንነት ርቀቱም በዚህ ምልክት ይወሰናል፤ ለኮርሞራንት የሚበቃው ለጋል ከሚበቃው ይለያል።

ጣሪያው ሊወድቅ ከደረሰ የጊዜያዊ ድጋፍ እንጨት ማስገባት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜም ሥራው በጥቂት ሰው፣ በአጭር ሰዓት፣ በእጅ መሣሪያ ይሠራ፤ ዋናው ጥገና ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆይ።

ሰባተኛ፦ ስካፎልዲንጉ ከወረደ በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ

ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት በመጀመሪያው ካርታ ላይ የተመለከተው ጠርዝና ቀዳዳ ሁሉ ክፍት መሆኑ ይታይ፤ መከላከያ መረብ ተረስቶ ከቀረ ይነሣ። በሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት ያው ባለሙያ፣ ከዚያው መቆሚያ፣ በዚያው ሳምንት ጎጆዎቹን ይቁጠር። ቁጥሩ በአንድ ጥግ ቀንሶ ከተገኘ በዚያ ጥግ የተሠራውን የሚያስረዳው የጥገና መዝገብ ይከፈት፤ የሚቀጥለው ግድግዳ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ውሉ በዚያ መሠረት ይታረም።