ሜሪላንድ ላላችሁ፦ ድፎና ህምባሻ ከቤት ጋግሮ ለመሸጥ

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆናችሁ የማኅበር ድፎ፣ ህምባሻ ወይም ኬክ በትዕዛዝ መሸጥ አስባችሁ ከሆነ ሁለት ዓይነት መካሪ አይጠፋም። አንዷ «ያለ ላይሰንስ? ጉድ ትሆኛለሽ!» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ማን ያይሻል፣ ዝም ብለሽ ሽጪ»። ሁለቱንም ተዉአቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮቴጅ ፉድ የሚባል ሕግ አለ። በሱ ሥር ከሆናችሁ ከጤና መምሪያ ላይሰንስ ሳታወጡ፣ ከገዛ ኩሽናችሁ ጋግራችሁ በቀጥታ ለሚበላው ሰው መሸጥ ትችላላችሁ። ጣሪያው በዓመት 50,000 ዶላር ነው። ትርፉ ሳይሆን ጠቅላላ ሽያጩ ማለት ነው። ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ ዕድል አይደለም፣ ኒው ጀርሲ እስከ 2021 ድረስ ከቤት ጋግሮ መሸጥን ጭራሽ አትፈቅድም ነበር።

ሩጫው የሚጀምረው ከወረቀት ሳይሆን ከምትሸጡት ነገር ነው። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ፍሪጅ ይፈልጋል ወይ? ድፎ፣ ህምባሻ፣ ኩኪስና ደረቅ ኬክ ጠረጴዛ ላይ ቢያድሩ ምንም አይሆኑም፣ ስለዚህ ይፈቀዳሉ። ፍሬሽ ክሬም የተቀባ ቶርታ፣ ቺዝ ኬክና የሥጋ ሳምቡሳ ግን አይፈቀዱም። የሚያናድደው የኛ ሰው ለልደት የሚያዘው በብዛት ያንኑ የክሬም ቶርታ መሆኑ ነው! ወይ በፎንዳንት (ከስኳር በሚሠራው የኬክ ሽፋን) አሳምራችሁ አቅርቡ፣ ወይ ትዕዛዙን ይቅርታ ብላችሁ መልሱ። አንድ ምርት ካጠራጠራችሁ ለስቴቱ ጤና መምሪያ ኢሜይል ጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል፣ በጽሑፍ የመጣ መልስ ግን አንድ ሰው ቅሬታ ባቀረበባችሁ ቀን ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሌብል ላይ ነው። ዳቦውን በፌስታል ጠቅልሎ መስጠት አይበቃም። የቢዝነሱ ስምና አድራሻ፣ የምርቱ ስም፣ ክብደቱ፣ የገባበት ነገር ሁሉ ከብዙው ወደ ትንሹ ተደርድሮ፣ ከዚያ አለርጂ የሚያስነሳው መጻፍ አለበት። ምርቱ የስቴቱ የምግብ ደኅንነት ደንብ በማይመለከተው ኮቴጅ ፉድ ቢዝነስ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገርም ግዴታ ነው። እሱን ራሳችሁ አትተርጉሙት፣ ሕጉ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንዳለ ገልብጡ።

ህምባሻን እንውሰድ። «ዱቄት» ብላችሁ አትለፉ፣ «የስንዴ ዱቄት» በሉ። ላዩ ላይ የምትነሰንሷት ሰሊጥም ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ አለርጂዎች አንዷ ሆናለች። ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል ካለ እሱም ይጻፍ። ጤፍ ከዘጠኙ ውስጥ የለም፣ ከስንዴ ጋር ከተደባለቀ ግን ስንዴው መጠቀስ አለበት።

አሁን ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ ወደሚለየው ወንዝ፣ ወደ ፖቶማክ እንምጣ። በዚህ ሕግ የሚሸጠው ሜሪላንድ ውስጥ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ደንበኛችሁ «በድልድዩ በኩል አምጪልኝ» ብትላችሁ እምቢ በሉ፣ እሷ መጥታ ትውሰድ። ቨርጂኒያና ዲሲ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ዲሲ እንዲያውም ቀድማችሁ እንድትመዘገቡ ትጠይቃለች። ለሬስቶራንትም አትሸጡ። ለሐበሻ ግሮሰሪ ማስረከብ ግን ይቻላል፣ የምግብ ደኅንነት ኮርስ ወስዳችሁ ሰነዳችሁን ለስቴቱ ጤና መምሪያ ካስገባችሁ በኋላ።

ታክስ ደግሞ አለ። በራስ ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከሞላ ታክስ ፋይል ማድረግ ግዴታ ነው። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሰሞን ብቻ የምትጋግሩ ሁላ ይመለከታችኋል! በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የሚገባውን ከቤት ወጪ ጋር አታደባልቁት፣ ሌላ አካውንት ክፈቱለት። የዱቄትና የዘይት ደረሰኝም አትጣሉ፣ የተጣራው የሚታወቀው በሱ ነው።

ኪራይ ቤት ከሆናችሁ የኪራይ ውሉን አንብቡ፣ ቤት ውስጥ ንግድ የሚከለክል ውል አለ። የቤት ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ ንግድን አይሸፍንም። ሽያጩ ወደ 50,000 እየተጠጋ ከመጣ ወይም የክሬም ቶርታውን ነገር መተው ካልቻላችሁ፣ ላይሰንስ ያለው ኩሽና በሰዓት የሚያከራዩ አሉ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ኦቨኑን እዩት፣ ትልቁ የድፎ መጋገሪያችሁ ላይገባ ይችላል።